ላጲሱ የወደቀበት ቃል

ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት ወንበር አለና ኑ ተቀመጡ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ከኋላ ቆሞ በር በሩን የሚያይ ሰው ሳይ ልቤ አያርፍም።

የዛሬው ንግግር ማስታወቂያ ላይ "ማንበብና መጻፍ እምቢ ያሉ ልጆችን ስለ ማስጠናት" ተብሎ ተጽፏል። ትክክል ነው። እኔ ግን ስለ ጉዳዩ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከአንድ ላጲስ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ልጁ 9 ዓመቱ ነበር፤ 3ኛ ክፍል። እናቱ ደውላ "ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ፤ ይሄ ልጅ ቀልብ የሚባል ነገር የለውም" አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ቤት መዋል ሰልችቶኝ ስለነበር ሄድኩ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ራት የሚበላበት ጠረጴዛ የጥናት ጠረጴዛም ነው። ደብተሩ፣ እርሳሱ፣ መቅረጫውና ላጲሱ ተደርድረው ጠበቁኝ። ልጁ ግን አልጠበቀኝም፤ ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት።

የአማርኛ መጽሐፉን ገልጬ "እስቲ ከዚህ ጀምርልኝ" አልኩት። አንድ መስመር ተኩል ሄደና ላጲሱ ወደቀ። ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ፈልጎ አመጣ። ሌላ መስመር ጀመረ፤ ላጲሱ ወደቀ። በዚያ ምሽት ላጲሱ 6 ጊዜ ወድቋል፣ ልጁ 2 ጊዜ ሽንት ቤት ሄዷል፣ አዲስ የነበረው እርሳስ እየተቀረጸ የጣት ቁመት ላይ ደርሷል። እኔም የድሮ መምህር ነኝና እንደ ድሮ መምህር ተቆጣሁ፤ "ተረጋጋ! ዓይንህን መጽሐፉ ላይ!" አልኩ። ዓይኑን መጽሐፉ ላይ አደረገ። ላጲሱ ወደቀ።

በሦስተኛው ቀን መቆጣቱም ደከመኝ። ልጁን ትቼ ላጲሱን መከታተል ጀመርኩ፤ በወደቀ ቁጥር፣ ልጁ ሲያነብ የነበረውን ቃል ከሥሩ በእርሳስ ነጥብ አደረግሁበት። ሌሊት ቤቴ ገብቼ ነጥቦቹን ሳያቸው በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። እንቅልፍ። ምልክት። ትምህርት። ብርድ ልብስ። ላጲሱ በእነዚህ ላይ ይወድቃል፤ "አበበ በሶ በላ" ዓይነቱ ዐረፍተ ነገር ላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወድቆ አያውቅም።

እነዚህን አራት ቃላት እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ጻፏቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠሩት ከሳድስ ፊደል ብቻ ነው። እንግዲህ የልጁ ቀልብ የጠፋው እንዲሁ አይደለም፤ የሚሸሽበት ቦታ ነበረው፤ ቦታውም ይታወቅ ነበር። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህችው ናት፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ቀልብ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ቀልቤን ሰረቀው፣ ቀልቤ አልወደደውም፣ ቀልቡ ቢያርፍ እንላለን። ቃሉ በዓረብኛ ልብ ማለት ነው። በእኛም አነጋገር ቀልብ ይሰረቃል፣ ይሸሻል፣ ያርፋል፤ እግር እንዳለው ነገር። ስለዚህ ልጁን "ቀልብ የለውም" ከማለት "ቀልቡ የት ሄደ? ከየት ሲደርስ ሄደ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያው ልጅ እኮ ኳስ ሲያይ 90 ደቂቃ ዓይኑን አይነቅልም። ጎረቤት ሲጣላ አንድ ቃል አያመልጠውም። ቀልብማ ሞልቶታል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልውሰዳችሁ፤ ብዙ ወላጅ ይህን ስለሚዘለው ነው።

የግእዝ ፊደል 26 ነው። አማርኛ ለራሱ ድምፆች 7 ጨመረበት፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። አብዛኞቹን ልብ ብላችሁ ብታዩአቸው አዲስ ፊደል አይደሉም፤ ተ ባርኔጣ ሲደርብ ቸ ይሆናል፣ ነ ሲደርብ ኘ፣ ደ ሲደርብ ጀ። 33 ሆኑ። እያንዳንዱ 7 ቤት አለውና 231 ምልክት ይመጣል፤ ዲቃሎቹን እነ ሏንና ቋን ሳልቆጥር። አንድ የ6 ዓመት ልጅ ፊት ይህን ሰሌዳ ስትሰቅሉ ምን እያሸከማችሁት እንደሆነ እወቁ። ደግነቱ ሥርዓት አለው። ካዕቡ ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ያወጣል፣ ሳልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሳድሱ ግን ሥርዓት የለውም፤ አንዱ አንገቱን ይሰብራል፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ከጎኑ ቅንጣት ያበቅላል። ክፋቱ ደግሞ አማርኛ ስንጽፍ ያለ እሱ አንድ መስመር አንሄድም። መልኩ ከሁሉም ለመያዝ አስቸጋሪ የሆነው ቤት ነው ከሁሉም በላይ የምንጠራው።

"ልጄ ፊደል ቆጥሯል" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ቆጥሯል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብሎ እንደ ዜማ ያወርደዋል። ጣታችሁን ድንገት ሂ ላይ ብታሳርፉ ግን ከሀ ጀምሮ እያዜመ ካልመጣ አይደርስባትም። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያውቀው ዜማውን ነው፤ ፊደሏ ብቻዋን መንገድ ላይ ብታገኘው ሰላም አይላትም።

የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ አቡጊዳ የተበጀው ለዚህ ነው። ልጁ ሀሁን ጨርሶ ልቡ ሲያብጥ፣ ሰሌዳው በሌላ ቅደም ተከተል ይመጣበታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉ ሌላ ቤቱም ሌላ፤ ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሳልስ እያለ በአግድም ይንሸራተታል። ዜማው ስለሚፈርስ ዓይን ራሱ መሥራት ግድ ይሆንበታል። በነገራችን ላይ ፒተር ዳንየልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት ሊቅ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደኛና እንደ ሕንዶች ላሉት የፊደል ዓይነቶች የወል ስም ሲፈልግ የወሰደው ይህንኑ "አቡጊዳ" የሚለውን ቃል ነው። እኛ ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስንረሳው ስሙ የዓለም ሊቃውንት መጠሪያ ሆነ።

እኔ ለባለ ላጲሱ ልጅ አቡጊዳውን በካርቶን ተካሁለት። ከጫማ ሣጥን ክዳን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቀደድኩ፤ ሰሌዳው ላይ እያንሸራተትኩ "ይቺ ማን ናት?" እለዋለሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብን። 41 ፊደል አያውቅም ነበር፤ አብዛኞቹ ሳድስ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ሰነፍ" ሲባል የኖረ ልጅ የጎደለው 41 ቅርጽ ነበር! ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ አሳየሁት። ፈራሁ፤ የሚያፍር መስሎኝ። እሱ ግን ወረቀቱን ገልብጦ አየና "ይኸው ነው በቃ?" አለኝ። ለካ መጨረሻ የሌለው ነገር ይመስለው ኖሯል።

ይህ የአንድ ቤት ገመና እንዳይመስላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ3ኛ ክፍልም 20 በመቶው እንደዚያው ነበሩ። ያ ውጤት አስደንግጦ በሰባት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የማንበቢያ መጻሕፍት እንደ አዲስ እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆኗል። እና ልጃችሁ ብቻውን አይደለም ለማለት ነው፤ እናንተም ብቻችሁን አይደላችሁም።

ፊደሎቹን ካወቀ በኋላስ? ልጁ "ትምህርት" የሚለውን ቃል አገኘ። ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት። አምስቱንም አወቃቸው፤ አምስቱንም ለየብቻ ጠራቸው፤ ከዚያ ግራ ገብቶት አየኝ። ምክንያቱም ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ይወጣል፣ አንዳንዴ ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቆ ዝም ይላል፤ የቱ ጋ እንደሚጮህና የቱ ጋ እንደሚዋጥ የሚነግር ምልክት ጽሑፉ ላይ የለም። እኛ ቃሉን ቀድመን ስለምናውቀው አይታወቀንም። ልጁ ግን አምስት ስብርባሪ ድምፅ በእጁ ይዞ፣ አንድ ቃል እንዲያደርጋቸው ይጠበቅበታል። ላጲስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ማጥበቅና ማላላቱንም ጨምሩበት። ለልጁ "ጅቡ ይበላል" ብዬ ጻፍኩለትና "ማን ነው የሚበላው?" አልኩት። "ጅቡ ነዋ!" አለኝ። "በን ጠበቅ አድርጋት" አልኩት። አጠበቃት፤ ጅቡ ራሱ ተበላ። ልጁ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። በዚያ ምሽት ከወንበር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወንበር እየተመላለሰ ለቤተሰቡ ሁሉ አነበበላቸው፤ ላጲሱ የት እንደነበረ እኔም አላውቅም። ይመታል፣ ገና፣ ዋና፣ አለ፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ፊት ያላቸው ቃላት ስንት ናቸው! ከፊደሉ የማይገኘው ግማሽ ያለው በአንባቢው ጆሮ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በቃል ያልጠገበ ልጅ በዓይኑ ማንበብ ይቸግረዋል። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል የሚማር ልጅ ፊደሎቹን ፈጥኖ ይይዛል፤ "ይበላል" ሲደርስ ግን የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ጆሮ የለውም። አዲስ አበባም ውስጥ የቤቱ ቋንቋ እየሳሳ ነው፤ "ሚስ እንዲህ አለች፣ ሆምወርኬን ሠራሁ" እያለ ለሚያድግ ልጅ "ማዕድ" ወይም "ወጋገን" የሚል ቃል መጽሐፍ ላይ ሲመጣ፣ የውጭ ቋንቋ ነው የሚሆንበት። አባባ ተስፋዬ ዓመታት ሙሉ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን እናዝናናለን እንጂ እናስነብባለን አላሉም፤ እኔ ግን ከብዙ የማንበቢያ መጽሐፍ ይልቅ እሳቸው ያስነበቡን ይመስለኛል። ቀልቡ የሚሸሽ ልጅ ካላችሁ፣ ከመጽሐፉ በፊት ተረት ንገሩት። ራት ሲበላ፣ ልብሱን ሲለብስ፣ ታክሲ ስትጠብቁ።

አሁን ወደ ድግግሞሽ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ የሚሰጠው ንባብ የዮሐንስ መልእክት ነው። ያንኑ ጽሑፍ መጀመሪያ በቁጥር፣ ፊደል በፊደል ያወርደዋል፤ ከዚያ ግእዝ ንባብ፣ ቀስ ብሎ እየጎተተ፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፤ በመጨረሻ ቁም ንባብ፣ ሳያደናቅፈው ቀጥ ብሎ። አንድ ጽሑፍ፣ አራት ጊዜ፣ በአራት ፍጥነት። በ1979 እ.ኤ.አ. ጄይ ሳሙኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ሳይኮሎጂ ሊቅ፣ ደካማ አንባቢ አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ሲያነብ ፍጥነቱ እንደሚጨምር፣ ስሕተቱ እንደሚቀንስ፣ ትርፉም ወደሚቀጥለው አዲስ ጽሑፍ እንደሚሻገር ጻፉ፤ ጽሑፋቸው በሙያው የታወቀ ሆነ። ሳነበው የኔታ ስንደዷቸውን ይዘው ከዛፉ ሥር ፈገግ ሲሉ ታዩኝ።

የድሮውን ሁሉ ላመሰግን ግን አልመጣሁም። የየኔታ ተማሪ የሚደጋግመው ጽሑፍ በማይሰማው ቋንቋ፣ በግእዝ ነበር፤ ሳይገባው አነበነበው። አለንጋውና ኩርኩሙም የብዙ ሰው ትዝታ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ጆሮውን የሚዳብስ አያለሁ። እኔ ድግግሞሹን ወሰድኩ፣ አለንጋውን ተውኩ፤ የሚደገመውንም ጽሑፍ ልጁ ራሱ እንዲሰጠኝ አደረግሁ።

እንዴት መሰላችሁ? ሲልቪያ አሽተን-ዋርነር የምትባል የኒውዚላንድ መምህርት የማኦሪ ልጆችን ስታስተምር፣ የመጀመሪያ ቃላቸውን ከመጽሐፍ አታመጣም ነበር። እያንዳንዱን ልጅ የሚፈልገውን ቃል ትጠይቀዋለች፤ የሚፈራውን፣ የሚወደውን። ያንን በካርድ ጽፋ ትሰጠዋለች። በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ስለዚሁ ነው። እኔም ልጁን "ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ" አልኩት። ያጻፈኝ ይህን ነው፦ "ትናንት አርሰናል ተሸነፈ። አባዬ ራት አልበላም። እማዬ ኳስ ነው ወይ የሚያበላህ አለችው።" በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት፤ አራት ጊዜ አነበበው። አንድም ቃል ከአቅሙ በላይ አልሆነበትም፤ ሁሉም ከአፉ የወጣ ነዋ። "ተሸነፈ" የሚለውን ቃል፣ በመጽሐፉ ቢሆን ኖሮ፣ ላጲሱ አያልፈውም ነበር።

እናቱ ማታ ማታ ቡና ታፈላለች። ሰዓት ማየት ስለማልወድ ጥናቱን በቡናው ለካነው። አቦሉ እስኪጠጣ ንባብ፣ ቶናው ላይ ጽሕፈት፣ በረካው ላይ መጽሐፍ ተዘግቶ እኔ ተረት እነግራለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ አልጨምርም፤ "ትንሽ ልጨምር" ቢለኝ እንኳ "ነገ" እለዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልጅን ወንበር ላይ ቸክላችሁ የምታስጠኑ አስጠኚዎች እዚህ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው ልጁ አብሯችሁ የነበረው። የሚከፈላችሁ በሰዓት መሆኑ ይገባኛል። ከዚህ የከፋውንም አይቻለሁ፦ አስጠኚው የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ መምህሯ ራይት ታደርጋለች፣ ወላጅ ይከፍላል። አራቱም ደስ ብሏቸው ይተኛሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዤ መንገድ እወጣለሁ። ከተማው የተዘረጋ መጽሐፍ ነው። "የሚከራይ ቤት"፣ "ጥገና እንሠራለን"፣ ታክሲው ኋላ መስታወት ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው "መሽናት ክልክል ነው"። ይህን የመጨረሻውን ብቻውን አነበበና፣ ወዲያው ሥሩ የቆመውን ሰውዬ አየ። "ጋሼ፣ እሱም ማንበብ አይችልም!" ብሎ ጮኸ። ሰውዬው አንገቱን ሰብሮ ሄደ። ከፊደል ሰሌዳ ይልቅ ያ ግድግዳ ማንበብ ምን እንደሚጠቅም አስተማረው፤ የማያነብ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚመስልም።

መጽሐፍስ? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ ከሌላው ዓለም ቋንቋ መሐል የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አንገብግቧቸው፣ የማሞ ቂሎን ተረት "ሲሊ ማሞ" ብለው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ አሳተሙ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይም አህያ የሚጎትተው የመጽሐፍ ጋሪ ነበራቸው። ማሞ ቂሎን የመረጡት አለነገር አይመስለኝም፤ እምቢተኛ ልጅ ከራሱ የባሰ ሞኝ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ጽሕፈት ከንባብ ይከብዳል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ እኛ ነን። ያጠፋ ልጅ "ሁለተኛ አላጠፋም" ብለህ 50 ጊዜ ጻፍ ይባላል። መጻፍን ቅጣት ካደረግነው በኋላ ለምን እንደማይወደው እንገረማለን! እጁስ? ግራኝ የሆነውን ልጅ ዛሬም "በቀኝህ!" እያሉ የሚመቱ ቤቶች አሉ፤ ተዉት፣ በግራው ይጻፍ።

የፊደል ስሕተቱንም ቀስ በሉ። "ፀሐይ" የሚለውን ቃል ተመልከቱ። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ በአማርኛ አፍ ስድስቱም አንድ ናቸው። ሁለት ጊዜ ስድስት 12። ድምፁን ሰምቶ የሚጽፍ ልጅ ከ12 መንገድ 11ዱ በቀይ ይሰረዝበታል ማለት ነው፤ ጆሮው ግን በአንዱም አልተሳሳተም። የሠራዊቱን ሠና የሰላሙን ሰ መለየት የታሪክ እውቀት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፣ በ7ኛ ክፍል አስተምረው ነበር። የ9 ዓመት ልጅ "ጸሀይ ወጣች" ብሎ ከጻፈልኝ ግን ፀሐይ ወጥታለች፤ ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ጠን በተ የለወጠ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ድምፁ ራሱ ተለውጧልና እናነሣዋለን።

ከዚህ ሁሉ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ዓይኑን አስመርምሩት፤ ጆሮውንም። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሲቁነጠነጥ አይቻለሁ፤ ያስፈለገው መነጽር እንጂ አስጠኚ አልነበረም። ደግሞም ፊደሎቹን አውቆ፣ ቤቱ ተረት ሞልቶት፣ የሚወደው ጨዋታ ላይም ቢሆን ቀልቡ የማያርፍለት ልጅ አለ፤ በተቃራኒው ቀልቡ ያረፈ፣ ፊደሎቹ ግን ስንት ዓመት ቢደጋገሙ የማይጸኑለት አለ። ለሁለቱም ሐኪምና የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ያስፈልጋሉ። የኔ ካርቶን ለሁሉም መድኃኒት ናት አላልኩም።

ወላጆች፣ "ስንተኛ ወጣህ?" የምትለዋን ጥያቄ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ ካርድ በመጣ ቁጥር እኔም አባት ሆኜ ጠይቄአለሁ። ታላቅ እህቱ 2ኛ የወጣችለት ልጅ ላጲስ የመጣል ምክንያቱ ሁለት ይሆናል። ከእሷ ጋር እያወዳደራችሁ አስጠኚ ብትቀጥሩለት፣ አስጠኚውም ከእህቱ ወገን ይመስለዋል። ባለ ላጲሱ ልጅም እኔን ስድስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ነበር ያየኝ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማክሰኞ ደርሼ በሩን ላንኳኳ ስል ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎበት አየሁ። እርሳሱ በኃይል የተጫነ፣ ፊደሎቹ ወደ ላይ የሚወጡ። ማንም ሳያዘው፣ ማንም "ገልብጥ" ሳይለው፣ ከራሱ ያወጣው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩ ነበር። እንዲህ ይላል፦

"አስተኚው ዛሬ አይምጣ።"

አስጠኚ ለማለት ነው። ጠን በተ ለውጧት፣ የሚያስጠናው ሰውዬ የሚያስተኛው ሰውዬ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራቱም ሳድሶች፣ ስ፣ ው፣ ይና ም፣ ማለቴ ለማንበብ የሚያስፈልገኝ ሁሉ በቦታው ነበር። እናቱ ከፍታ ስታየው ፊቷ ቀላ፤ "ውይ ጋሼ፣ በሞትኩት! ይሄ ባለጌ..." ብላ ልትቀደው እጇን ዘረጋች። ያዝኳት። ልጁ ከመጋረጃው ኋላ እግሩ ይታያል።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና "ጌታው፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ አስጠኚ ለማለት ነው ወይስ አስተኚ?" አልኩት። መጋረጃው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቃሉን በለሆሳስ፣ አንዴ በጠ፣ አንዴ በተ፣ ሲሞክረው ሰማሁት።

"ሁለቱንም" አለኝ።